አባ ሰንጋን ነጥለው ያበቀሉት ሐኪም

ስለ ሳንባ ነቀርሳ በተወያየንበት ጊዜ አባሎቻችን ደጋግመው ያነሱት አንድ ጥያቄ ነበር። አክታዋ ለካልቸር ተልኳል የተባለች ሴት ውጤቷን ለመስማት ለምን ሳምንታት ትጠብቃለች? እስከዚያ ድረስ ላቦራቶሪው ውስጥ ምን ይሠራል? ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የመጣ ሠራተኛ ሥራው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እንጀራና ሻይ የምትሸጥለት እናት ግን ሳሉን ተቀብላ እዚሁ ትቀራለች። መልሱን በምክር መልክ ከማቅረብ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ብናወጣ ይሻላል ብለን ተስማማን። ሰውየው ስማቸው በዓለም የታወቀው ጀርመናዊ ሐኪም ሮበርት ኮኽ ናቸው። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ስማቸውን የማያውቅ ቢኖር እንኳ ሥራቸው ያልደረሰበት ቤት የለም። አባ ሰንጋን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ኮሌራን የሚያመጡትን ተህዋስያን አንድ በአንድ ለይተው ያሳዩት እሳቸው ናቸውና። በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮበርት የተወለደው ዲሴምበር 11 ቀን 1843 ሲሆን፣ ቦታው ሃርዝ በሚባሉት ተራሮች ውስጥ የምትገኝ ክላውስታል የምትባል የማዕድን ከተማ ናት። አባቱ በማዕድን ሥራ ላይ ኃላፊነት የነበራቸው ሰው ነበሩ። በቤቱ 13 ልጆች ተወልደዋል፤ እሱ ሦስተኛው ነበር። ገና በ5 ዓመቱ ጋዜጣ እያገላበጠ ማንበብን ራሱን አስተምሮ ቤተሰቡን እንዳስገረመ ይነገራል። ድንጋይ፣ ነፍሳትና ቅጠል መሰብሰብ ይወድ ነበር፤ ሩቅ አገር የመሄድ ሕልምም ነበረው።

በ1862 ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ተማረና በ1866 ተመረቀ። እዚያ ካስተማሩት አንዱ ያዕቆብ ሄንሌ የሚባሉ ፕሮፌሰር ነበሩ። እኒህ ሰው ተላላፊ በሽታ የሚመጣው ሕይወት ካለው ረቂቅ ነገር ነው ብለው ከጻፉ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ ግን በዓይን አይተው ያረጋገጡት ነገር አልነበረም። በዚያን ዘመን አብዛኛው ሐኪም በሽታን የሚያመጣው የከረፋ አየር ነው ብሎ ያምን ነበር። እኛም ብንሆን የምንፈርድባቸው አይደለንም። የደጋ ሰው የቆላ አየር ይገድላል እያለ ወደ እኛ አገር መውረድ ይፈራ የነበረው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ገዳይዋ ትንኝ መሆኗ የታወቀው በኋላ ነው።

ዶክተር ኮኽ በ1867 ኤሚ ፍራትስ የምትባል የአገራቸውን ልጅ አገቡ፤ በዓመቱም ገርትሩድ የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ። ሐኪሙ በመርከብ ዓለምን መዞር ይፈልጉ ነበር፤ ኤሚ ግን ቤትና ልጅ ይዞ መርከብ የለም ብላ አስቀረቻቸው። ከከተማ ከተማ ሲዘዋወሩ፣ በ1870ው የፈረንሳይ ጦርነትም ሲያገለግሉ ቆዩና በ1872 ቮልሽታይን የምትባል ትንሽ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆነው ተቀመጡ። ቦታዋ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ነው። ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት በዚሁ ደመወዝና በሽተኛ በሚከፍላቸው ነበር። ከዚህ ኑሮ ላይ ማይክሮስኮፕ ተገዛ፤ ለልደታቸው ስጦታ አድርጋ የሰጠቻቸው ኤሚ ናት ይባላል። በሽተኛ የሚያዩበትን ክፍል በመጋረጃ ከፍለው ከበስተኋላው ላቦራቶሪ አደረጉት። ዩኒቨርሲቲ አልነበራቸውም፤ ረዳትም መጻሕፍት ቤትም በአጠገባቸው አልነበረም። ብዙ የተማረ ሰው ያላገኘውን ነገር ያገኙት እዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ነው።

በዚያ ወረዳ በጎችና ከብቶች በአባ ሰንጋ እያለቁ ነበር። አባ ሰንጋን ለእኛ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ማታ ደህና የነበረ በሬ ጠዋት ወድቆ ይገኛል፣ ከአፍንጫውና ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወርዳል። ከዶክተር ኮኽ በፊት የነበሩ ሐኪሞች በሞተው ከብት ደም ውስጥ በማይክሮስኮፕ ቀጫጭን በትሮችን አይተው ነበር። ጥያቄው በትሮቹ ገዳዮች ናቸው ወይስ ከሞት በኋላ የመጡ ናቸው የሚለው ነበር።

ዶክተር ኮኽ መርፌ እንኳ አልነበራቸውም። ቀጭን የእንጨት ስንጥር በእሳት ሙቀት ካጸዱ በኋላ ከሞተ ከብት ጣፊያ ደም እየነከሩ በአይጥ ጅራት ሥር በተሠራች ትንሽ ቁስል አስገቡ። አይጧ በማግሥቱ ሞተች። ጣፊያዋ አብጦ በበትሮቹ ተሞልቶ ተገኘ። ከእሷ ወደ ሌላ፣ ከሌላዋም ወደ ሌላ እያሻገሩ ቀጠሉ፤ ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ያም ሆኖ ጥርጣሬው አልጠፋም። ከደሙ ጋር አብሮ የሚተላለፍ ሌላ መርዝ ቢኖርስ? ስለዚህ በትሩን ከእንስሳው አካል አውጥተው ለብቻው ማብቀል ነበረባቸው። ከታረደ በሬ ዓይን ውስጥ የጠራውን ውኃ ወሰዱ፤ አንዲት ጠብታ በመስታወት ላይ አደረጉና ከጣፊያው ኢምንት ጨመሩበት። መስታወቱን አሽገው በከብት ገላ ሙቀት ልክ አሞቁት። ቁጭ ብለው ሲመለከቱ በትሮቹ ይረዝሙና እንደ ክር ይጠላለፋሉ፤ ቆይቶ በክሩ ውስጥ እንደ ጨሌ የሚያበሩ ቅንጣቶች ተደረደሩ። ከዚያች ጠብታ ወደ አዲስ ጠብታ፣ እንደገናም ወደ ሌላ እያዛወሩ ደጋገሙት። በመጨረሻዋ ጠብታ ውስጥ የመጀመሪያው ደም የለም ማለት ይቻላል፤ አይጥ ላይ ሲሞከር ግን እንደ መጀመሪያው ገደለ።

እነዚያ የሚያበሩት ቅንጣቶች ስፖር ይባላሉ፤ የተህዋሱ ዘር እንደማለት ናቸው። ድርቀቱንም ሙቀቱንም ችለው አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያሉ። ከብት ሲግጣቸው እንደገና በትር ይሆናሉ። ከብት የሞተበት መስክ ከዓመታት በኋላ ሌላ ከብት የሚገድለው ለምን እንደሆነ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ የአውሮፓ ገበሬዎች እንዲህ ያለውን መስክ የተረገመ ይሉት ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በእኛ አካባቢ በሬው ሊሞትበት የተቃረበ ሰው ገንዘቡ ከሚጠፋ ብሎ ቢላዋ ያስነካዋል፤ ሥጋውም በርካሽ ለቅርጫ ይከፈላል። የድሃ ሰው ስሌት ነው፤ እንረዳዋለን። ነገር ግን የሚገፈው እጁ ላይ ጥቁር ቁስል የሚያወጣው፣ የበላውም ቤተሰብ የሚታመመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስፖሩም በተለመደው ማፍላት ቶሎ የሚሞት አይደለም። የወደቀ ከብት ሳይከፈትና ቆዳው ሳይገፈፍ በጥልቀት ይቀበር የሚባለው፣ ደሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ ስፖር ስለሚፈጠር ነው።

በ1876 የፀደይ ወራት ዶክተር ኮኽ አይጦቻቸውንና መስታወቶቻቸውን ይዘው ብሬስላው ወደሚባለው ከተማ በባቡር ሄዱ። እዚያ ፈርዲናንድ ኮን የሚባሉ የታወቁ የዕፀዋት ሊቅ ነበሩ። ማንም የማያውቀው የገጠር ሐኪም ለተከታታይ ቀናት ሥራውን በፊታቸው ደግሞ አሳየ። ሊቁ አመኑ፤ ጽሑፉንም በራሳቸው መጽሔት አወጡለት። ከአራት ዓመት በኋላ መንግሥት ዶክተር ኮኽን በርሊን ወደሚገኘው የጤና መሥሪያ ቤት ጠራቸው፤ ረዳቶችም ሰጣቸው።

አሁን አባሎቻችን ወደ ጠየቁት ነገር ደረስን። በዚያን ጊዜ ተህዋስ የሚበቅለው በሥጋ መረቅ ውስጥ ነበር። መረቅ ፈሳሽ ስለሆነ አንድ የማይፈለግ ተህዋስ ከአየር ከገባበት ሁሉም ይደባለቃል። ሰሊጥና ማሽላ በአንድ ጆንያ ተደባልቆ ሲናወጥ እንደማለት ነው፤ የትኛው በሽታ እንዳመጣ ማን ይለያል? ዶክተር ኮኽ መፍትሔውን ያዩት በተቀቀለ ድንች ላይ ነው። ተቆርጦ የተቀመጠ ድንች ላይ የተለያየ ቀለም ያላቸው ጠብታ የሚያካክሉ ነጥቦች ወጡ። እያንዳንዱን ነጥብ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት በውስጡ ያለው አንድ ዓይነት ተህዋስ ብቻ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ድንቹ ደረቅ ስለሆነ በላዩ ያረፈ አንድ ተህዋስ ወዲያና ወዲህ መሄድ አይችልም፤ ባረፈበት ይራባል፤ ልጆቹም በዙሪያው ይቀመጣሉ። በጆንያ የተደባለቀውን ዘር ማሳ ላይ ብትበትኚው እያንዳንዱ በወደቀበት ይበቅላል፤ ከዚያ በኋላ ሰሊጡን ከማሽላው መለየት የማንም ሥራ ነው።

ድንች ግን ሁሉን ተህዋስ አይመግብም። ስለዚህ የሥጋ መረቁን በጄላቲን አርግተው በመስታወት ላይ አፈሰሱት። ጄላቲን ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ማርጊያ ነው። የሽቦ መርፌ በእሳት አግለው፣ ሲበርድ ከበሽተኛው ናሙና ነክተው፣ በረጋው መረቅ ላይ መስመር እያደረጉ ይስላሉ። መስመሩ እየራቀ ሲሄድ ተህዋሱ እየሳሳ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ አንድ አንዱ ለየብቻው ያርፋል። ከበቀሉት ነጥቦች አንዱን ነክቶ በአዲስ መስታወት ላይ እንደገና መሳል ነው። ይህን ደጋግሞ የሠራ ሰው በእጁ ያለው አንድ ዓይነት ተህዋስ ብቻ ለመሆኑ ይተማመናል። በ1881 በለንደን በተደረገው የሐኪሞች ጉባኤ ዶክተር ኮኽ ይህን ሲያሳዩ ታላቁ ፈረንሳዊ ሉዊ ፓስተር በቦታው ነበሩ፤ አድናቆታቸውንም ገልጸዋል። በኋላ ግን ሁለቱ ሰዎች ተጣልተው እስከ መጨረሻው አልታረቁም።

ጄላቲን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። በሰው ገላ ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ቀልጦ ውኃ ይሆናል። በመተማ በሚያዝያ ቢሞከር እሳትም ሳያስፈልገው ጠዋት በቀለጠ ነበር። ሰውን የሚያሳምሙ ተህዋስያን ደግሞ የሚወዱት ያንኑ ሙቀት ነው። ከዚህም በላይ አንዳንዶቹ ጄላቲኑን ራሱን ይበሉታል። በርሊን ውስጥ ያሉት ሊቃውንት በዚህ ተቸግረው ሳለ መፍትሔው የመጣው ከአንዲት የቤት እመቤት ወጥ ቤት ነው።

ወይዘሮ ፋኒ ሄሰ በ1850 ኒው ዮርክ ውስጥ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ዋልተር ሄሰ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም አግብተው በሳክሶኒ ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው በኮኽ ላቦራቶሪ ስለ አየር ወለድ ተህዋስያን ሊማሩ ገቡ። ወይዘሮ ፋኒ ያለ ደመወዝ ይረዷቸው ነበር፤ ማብቀያውን ያዘጋጃሉ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን በቀለም ይሥላሉ፣ ልጆችም ያሳድጋሉ። በበጋው ሙቀት የባለቤታቸው ጄላቲን እየቀለጠ ሥራው ሲበላሽ፣ የሚስታቸው ጣፋጭ ጄሊ ግን በዚያው ሙቀት ረግቶ መቆየቱ ዶክተር ሄሰን አስገረማቸው። ምስጢሩን ሲጠይቁ አጋር አጋር የሚባል ከባሕር ውስጥ ተክል የሚወጣ ማርጊያ መሆኑን ወይዘሮ ፋኒ ነገሯቸው። ይህን ሙያ ኒው ዮርክ ሳሉ ያገኙት ጃቫ ኖረው ከመጡ የሆላንድ ጎረቤቶች ነበር፤ የሞቃት አገር ሴቶች ብልሃት ነው ማለት ነው። አጋር የሚቀልጠው ውኃ ሊፈላ ሲቃረብ ነው፤ ሲበርድ ደግሞ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይረጋል፤ ከረጋ በኋላ በገላ ሙቀት አይቀልጥም። ጥቂት ተህዋስያን ካልሆኑ በቀር የሚበላውም የለም።

ባልየው ነገሩን ለዶክተር ኮኽ ጻፉላቸው። ዶክተር ኮኽ በ1882 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባወጡት ጽሑፍ አጋርን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰውታል፤ የሄሰን ቤተሰብ ስም ግን አላነሡም። ከአምስት ዓመት በኋላ የኮኽ ረዳት የነበሩት ሪቻርድ ፔትሪ ክዳን ያለው ክብ ጠፍጣፋ ሳህን አወጡ፤ ሳህኑ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ የፔትሪ ሳህን ይባላል። በሳህኑ ውስጥ ያለው አጋር ግን የወይዘሮ ፋኒ ተብሎ አያውቅም። ከግኝቱ ያገኙት ገንዘብ የለም፤ ስለ ራሳቸውም ብዙ የሚናገሩ ሴት አልነበሩም። በ1911 ባላቸው ሞቱባቸው፤ እሳቸው እስከ 1934 ኖሩ። ዶክተር ኮኽን እናከብራለን፤ እዚህ ላይ ግን ስሟን ቢጽፉላት ምን ይጎዳቸው ነበር ብለን ሳንጠይቅ አናልፍም።

ማርች 24 ቀን 1882 ዶክተር ኮኽ በርሊን ውስጥ በአንድ ጠባብ አዳራሽ ቆመው የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ እንዳገኙ ተናገሩ። በየዓመቱ የዓለም የሳንባ ነቀርሳ ቀን የሚከበረው ያን ዕለት ለማስታወስ ነው። በእሳቸው ስሌት ከሚሞተው 7 ሰው 1ዱን የሚገድለው ይኸው በሽታ ነበር። ከ200 በላይ የማይክሮስኮፕ መስታወቶች ይዘው መጥተው ነበር። ንግግራቸው ሲያልቅ አዳራሹ ጸጥ አለ፣ የሚጠይቅም የሚከራከርም ጠፋ ይባላል።

ይህ ተህዋስ እስከዚያ ቀን ለምን ተሰወረ? አንደኛ፣ ሰም የመሰለ ሽፋን ስላለው የተለመደው ቀለም አይነካውም። ዶክተር ኮኽ ሰማያዊ ቀለም ከአልካሊ ጋር ቀላቅለው አቆዩት፤ ከዚያ ቡናማ ቀለም ጨመሩበት፤ የቀረው ሁሉ ቡናማ ሲሆን እነዚያ ቀጫጭን በትሮች ሰማያዊ እንደሆኑ ቀሩ። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚደረገው የአክታ ምርመራ የዚህ ዘዴ የተሻሻለ ልጅ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የአባሎቻችን ጥያቄ መልስ ነው። ሌሎች ብዙ ተህዋስያን በ20 ደቂቃ ገደማ አንዱ ሁለት ይሆናል፤ በማግሥቱ ሳህኑ ሞልቶ ይገኛል። የሳንባ ነቀርሳው ግን ሁለት ለመሆን አንድ ቀን የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል። ዶክተር ኮኽ የከብትና የበግ ደም ውኃ በሙቀት አርግተው፣ በላዩ ከበሽተኛ ሳንባ የወጣውን አድርገው በ37 ዲግሪ አስቀመጡት። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን አልበቀለም ብሎ ይደፋው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ደረቅ ቅርፊት የመሰሉ ጥቃቅን ነጥቦች ብቅ አሉ። እነሱን ወደ አዲስ ማብቀያ እያዛወሩ ካጠሯቸው በኋላ በእንስሳት ላይ ሞክረው ያንኑ በሽታ አዩ፤ ከታመመው እንስሳም ያንኑ ተህዋስ መልሰው አወጡ።

እንግዲህ አክታዋ ለካልቸር የተላከ እህታችን የምትጠብቀው ይህንኑ ቀርፋፋ ፍጡር ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ መኖሩንና ዋናውን መድኃኒት መላመዱን ይናገራል፤ የትኞቹ መድኃኒቶች እንደሚገድሉትና እንደማይገድሉት በሰፊው ለማየት ግን እስከ ዛሬ ማብቀል ያስፈልጋል። ሳህኑ ላይ እስኪበቅል 8 ሳምንት ድረስ ሊወስድ ይችላል። ውጤቱ ቆየ ማለት ናሙናው ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ለጎረቤት ንገሩልን። የተጀመረውን የስድስት ወር መድኃኒት ደግሞ ሳል ቆመ ብሎ የሚተው ሰው፣ ያልሞቱትን በትሮች መድኃኒት አላምዶ ለቤተሰቡ ያወርሳል።

የኮኽ ትምህርት በሦስት ደረጃ ይነገራል፤ ተህዋሱን በሽተኛው ውስጥ ማግኘት፣ ለብቻው ማብቀል፣ የበቀለው ያንኑ በሽታ ማምጣቱን ማሳየት። ሁሉም ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም። የሥጋ ደዌን ተህዋስ ከ100 ዓመት በላይ ተሞክሮም በሳህን ላይ ያበቀለው የለም። በአገራችን በ1970 ስለ ሥጋ ደዌ ለመመራመር አዲስ አበባ የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሲመሠረት ከነበሩት ችግሮች አንዱ ይኸው ነበር።

በ1883 ኮሌራ ግብፅ ገባ። ዶክተር ኮኽ የልጅነት የጉዞ ሕልማቸው ተፈጸመና ቡድን መርተው እስክንድርያ ደረሱ። ፓስተርም የራሳቸውን ሰዎች ልከው ነበር። ከፈረንሳዮቹ አንዱ፣ የ27 ዓመቱ ሉዊ ቱይሊየ፣ በዚያው ኮሌራ ሞተ። ተፎካካሪው ዶክተር ኮኽ ከቀብሩ ተገኝተው የአበባ ጉንጉን አኖሩ። ወረርሽኙ በግብፅ ሲበርድ ወደ ህንድ ተሻገሩና በ1884 መጀመሪያ ካልካታ ላይ ጎበጥ ያለች፣ የፈረንጅ ነጠላ ሰረዝ የመሰለች ተህዋስ ነጥለው አበቀሉ። ፓቺኒ የሚባል ጣሊያናዊ በ1854 አይቷት ነበር፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ። ዶክተር ኮኽ ተህዋሷን ያገኙት በበሽተኞች አንጀት ብቻ አይደለም። ሰው በሚጠጣበት፣ በሚታጠብበትና ልብስ በሚያጥብበት አንድ ኩሬ ውስጥም አገኟት። የእኛ ጓንግ ሱዳን ገብቶ አትባራ ይባላል፣ አትባራም ከዓባይ ጋር ሆኖ ግብፅ ይወርዳል፤ ውኃ ድንበር አያውቅም፣ ኮሌራም እንዲሁ።

ያንን በዓይናችን አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ወገኖች መተማና ኩመር ላይ በተሰበሰቡ ጊዜ ኮሌራ ተነሣ። ብዙዎቻችን በሽታውን በሌላ ስሙ አተት ብለን ስለምናውቀው ሁለት በሽታ የመጣ የመሰለው ሰው ነበር፤ ነገሩ የቃል ብቻ ነው። በ1892 ሃምቡርግ ላይ የሆነውም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከተማዋ የወንዙን ውኃ ሳታጣራ ታጠጣ ነበር። ጎረቤቷ አልቶና ከሃምቡርግ ወረድ ብላ ያንኑ ወንዝ ብትጠጣም በአሸዋ ታጣራው ነበር። ሃምቡርግ ውስጥ ከ8,000 ሰው በላይ አለቀ፤ አልቶና ብዙም አልተነካችም። ወሰኑ ላይ ባለ መንገድ በአንዱ ወገን ያለው ቤት ሲያለቅስ ማዶ ያለው ደህና ነበር። ዶክተር ኮኽ ተህዋስ ብቻውን በሽታ አያመጣም ብለው የሚከራከሩ ፔተንኮፈር የሚባሉ አዛውንት ፕሮፌሰር ግን በዚያው ዓመት የበቀለ የኮሌራ ተህዋስ ብርጭቆ ውስጥ አስደርገው ጠጡት። ተቅማጥ ብቻ ይዟቸው ዳኑ። እንዲህ ያለ ግትርነት እኛም ሰፈር አለ።

ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም ከዶክተር ኮኽ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። የእሱ ሥራ እኛን እናቶችን ይመለከታል፤ መንጋጋ ቆልፍን ነጥሎ ያበቀለው እሱ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋስ አየር ባለበት አይበቅልም፤ ሌሎች ተህዋስያንም ሁልጊዜ አብረውት ይገኛሉ። ኪታሳቶ የተደባለቀውን ሁሉ ወደ 80 ዲግሪ አሞቀው። ሌሎቹ ሞቱ፤ የመንጋጋ ቆልፉ ስፖር ግን ተረፈ። እሱን በሃይድሮጂን ጋዝ ሞልቶ ካሸገው ዕቃ ውስጥ በ1889 አበቀለው። በዓመቱ ከቤሪንግ ጋር ሆኖ መርዙን የሚያረክስ ነገር በእንስሳት ደም ውስጥ አሳየ፤ ነፍሰ ጡር እናት በክንዷ የምትወጋው ክትባት ከዚያ ሥራ የተወለደ ነው። እትብት ባልተቀቀለ ምላጭ ሲቆረጥ የሚገባውም ይኸው የአፈርና የእበት ስፖር ነው።

የዶክተር ኮኽ ታላቅ ውድቀት የመጣው በ1890 ነው። በርሊን በተሰበሰበ የዓለም ሐኪሞች ጉባኤ ላይ የሳንባ ነቀርሳን እድገት የሚገታ ነገር እንዳገኙ ተናገሩ። መድኃኒቱ ቱበርኩሊን የተባለ ከተህዋሱ የተወጣጣ ፈሳሽ ሲሆን፣ ከምን እንደተሠራ በምስጢር ያዙት። በሽተኞች ከየአገሩ ወደ በርሊን ጎረፉ፤ የሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎች በባቡር ተጭነው መጡ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ እየባሰባቸው የሞቱ በረከቱ። ሬሳ የመረመሩት ታላቁ ፊርኾ በሽታው እንደተስፋፋ አሳዩ። ለሁለት ሳምንት ነጥብ እስኪበቅል በትዕግሥት የጠበቁ ሰው መድኃኒቱን ለማውጣት ግን ቸኮሉ። ፈሳሹ በኋላ በቆዳ ላይ ተደርጎ ተህዋሱ ሰው ውስጥ መግባቱን የሚያሳይ መመርመሪያ ሆኖ ጠቅሟል። በዚያው ሰሞን ትዳራቸውም ፈረሰ። በመጋረጃው ዘመን አብራቸው የነበረችው ኤሚ በ1893 ተፈታች፤ እሳቸውም ወዲያው ሄድዊግ ፍራይበርግ የምትባል በ30 ዓመት ገደማ የምታንሳቸውን ወጣት አገቡ። ሄድዊግ ቱበርኩሊንን በራሷ ገላ ላይ አስሞክራ ታማበታለች። በርሊን ስለዚህ ጋብቻ ብዙ አማች።

በ1896 የከብት መቅሰፍት ደቡብ አፍሪካን ሲያጠፋ ተጠሩ። ይህ መቅሰፍት የእኛ አያቶች ክፉ ቀን የሚሉት ነው። አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ አገሪቱ በከብት እልቂት ላይ ነበረች፤ ከዚያም ረሃብ ተከተለ። ዶክተር ኮኽ ኪምበርሊ ላይ ተህዋሱን በሳህን ለማብቀል የለመዱት መንገድ አልሠራላቸውም፤ በሽታው ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ ቫይረስ ነበርና። ከሞተው ከብት ሐሞት ወስዶ ጤነኛውን መውጋት እንደሚያድን ግን አገኙ። ያ በሽታ በ2011 ከምድር ላይ መጥፋቱ በይፋ ተነግሯል።

በ1901 ደግሞ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ለሰው ብዙም አያሰጋም ብለው ለንደን ላይ ተናገሩ። ተሳስተው ነበር፤ በጥሬ ወተት ወደ ሕፃናት እንደሚተላለፍ ሌሎች አረጋገጡ። በ1905 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በ1906 ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደሴቶች ሄደው የእንቅልፍ በሽታን፣ እረኞቻችን በከብት ላይ ገንዲ የሚሉትን የበሽታ ወገን፣ አቶክሲል በሚባል አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት አከሙ። መጠኑን ከፍ ባደረጉ ጊዜ ዓይናቸው የጠፋ ሕሙማን ነበሩ። እነዚያ አፍሪካውያን ፈቃዳቸው በአግባቡ የተጠየቀ አይመስለንም፤ በበርሊን በሽተኛ ላይ ቢሆን እንዲህ ይደፍሩ ነበር ወይ የሚለውን እኛ ለራሳችን እንደማይደፍሩ አድርገን መልሰነዋል።

በ1908 ከሄድዊግ ጋር ጃፓን ሄዱ፤ ኪታሳቶ እንደ አባት ተቀበላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 27 ቀን 1910፣ ባደን ባደን በምትባል የፍል ውኃ ከተማ በልብ ሕመም በ66 ዓመታቸው ሞቱ። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ በርሊን በሚገኘው ተቋማቸው ውስጥ ተቀመጠ። ኪታሳቶ ደግሞ በጉብኝቱ ጊዜ ከአስተማሪው የተቆረጠውን ጠጉር አስቀምጦ ኖሮ፣ ቶኪዮ ውስጥ በላቦራቶሪው ግቢ አነስተኛ መቅደስ ሠራለት።